ከአንድ ገበታ የወጡ ቃላት፦ ቼክ እና ሰንጠረዥ

ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ከተቀመጥሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት በእጄ ያለፈውን ቼክ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ፊርማውን አያለሁ፣ ቀኑን አያለሁ፣ በፊደል የተጻፈው ገንዘብ በአኃዝ ከተጻፈው ጋር መግጠሙን አያለሁ። ቃሉን ግን አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። እንዳስበው ያደረጉኝ ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ገደማ ወደ መስኮቴ የመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

ሰሊጥ ሸጠው የተቀበሉትን ቼክ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውት ነበር። ቋጠሮውን ቀስ ብለው ፈቱና ወረቀቱን በመዳፋቸው አለስልሰው አቀበሉኝ። እኔ ሳገላብጠው አገጫቸውን በምርኩዛቸው ላይ አሳርፈው፣

«ልጄ፣ ይኸን ነገር ቼክ ቼክ ስትሉ ዕድሜዬን ሙሉ እሰማለሁ። ለመሆኑ ቼክ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ለባንኩ የተጻፈ የክፍያ ትእዛዝ ነው» አልኋቸው።

«እሱንስ አላጣሁትም። ስሙን ነው የጠየቅሁሽ። ጤፍን ጤፍ ያሏት ከእጅ ስትወድቅ ስለምትጠፋ ነው ይባል የለ? ይኸኛውስ ስሙ ከምን መጣ?»

የጤፍ ስም በእርግጥ ከመጥፋት ይምጣ አይምጣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ጥያቄ ነበር፣ እኔም መልስ አልነበረኝም። «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኋቸው። ገንዘባቸውን ቆጥረው ሲወጡ ቃል የገባሁላቸው መስሎ ተሰማኝ፤ ስለዚህ በዚያው ምሽት ፍለጋውን ጀመርሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር ቃሉ እንግሊዝኛ ይባል እንጂ የተወለደው እንግሊዝ አገር አለመሆኑን ነው። እንግሊዞች ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ወሰዱት፤ በፈረንሳይኛው «እሼክ» ይባል ነበር። ፈረንሳይኛው ከመካከለኛው ዘመን ላቲን፣ ላቲኑ ከዐረብኛ፣ ዐረብኛው ደግሞ ከፋርስ ቋንቋ ወረሰው። በፋርስኛ ቃሉ «ሻህ» ነው፤ ሻህ ማለት ንጉሥ ነው። የእኛ ትውልድ ወላጆች በሬዲዮ ሲሰሙት የነበረው፣ የኢራን ንጉሠ ነገሥት የሚጠሩበት ማዕረግ ራሱ ነው።

ንጉሥ እንዴት ወረቀት ሆነ? መልሱ ጨዋታ ውስጥ ነው። ዛሬ ቼዝ የምንለው ጨዋታ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በህንድ ይታወቅ ነበር፤ በሳንስክሪት «ቻቱራንጋ» ይሉታል፣ ባለ አራት ክፍል ማለት ነው፤ አራቱም የጦር ሠራዊት ክፍሎች ናቸው፦ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ። ፋርሶች ተቀብለው «ቻትራንግ» አሉት። ዐረቦች በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፋርስን ሲይዙ ጨዋታውንም ይዘው «ሻትራንጅ» አሉት፤ ከዚያም በስፔንና በሲሲሊ በኩል ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በዚህ ጨዋታ አንዱ ተጫዋች የሌላውን ንጉሥ የሚያሰጋ እርምጃ ሲወስድ ዝም ብሎ አይመታም፤ «ሻህ!» ብሎ ያስጠነቅቃል። ንጉሥህን ጠብቅ፣ አደጋ ላይ ነው ማለቱ ነው። ይህ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ከአፍ ወደ አፍ፣ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ድምፁ እየተለወጠ ሄዶ በ1300 ገደማ እንግሊዝኛ ውስጥ ቼክ ሆኖ ገባ። ቼዝ የሚለው የጨዋታው ስምም የዚያው የፈረንሳይኛ ቃል ብዙ ቁጥር ነው። እኛ ዛሬ «ቼዝ እንጫወት» ስንል ሳናውቀው «ነገሥታትን እንጫወት» እያልን ነው።

የጨዋታው መጨረሻ «ቼክ ሜት» ይባላል፤ ከፋርስኛው «ሻህ ማት» የመጣ ነው። ይህን ባነበብሁበት ጊዜ የአማርኛ ጆሮዬ ወዲያው «ንጉሡ ሞተ» ብሎ ተረጎመው። እንዲህ የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ዐረቦችም «ማተ» ሞተ ማለት ስለሆነ እንዲሁ ተረድተውታል። የእነሱ «ማተ» እና የእኛ «ሞተ» ከአንድ የሴም ሥር የበቀሉ ናቸውና የጆሮ ስሕተታችንም የዘመድ ስሕተት ነው። በፋርስኛው ግን ቃሉ መሞትን ሳይሆን መሸነፍን፣ ግራ መጋባትን፣ መውጫ ማጣትን ነው የሚናገረው። ንጉሡ አልሞተም፤ የሚረግጠው ቦታ ጠፍቶት ቆሟል። የጨዋታውን ጠባይ ላወቀ ሰው ይህ ትርጉም ይበልጥ ያስኬዳል፣ ምክንያቱም በዚህ ጨዋታ ንጉሥ ተገድሎ ከገበታው ላይ አይነሣም።

አሁን ወደ ሥራዬ የሚቀርበው ክፍል መጣ። ይህን ሳነብ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር፤ መተኛት አልቻልሁም።

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በንጉሥ ሄንሪ ቀዳማዊ ዘመን፣ በእንግሊዝ አገር የንጉሡን ገቢ የሚተሳሰብ ሸንጎ ነበር። የየአውራጃው ገዥዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፋሲካና በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ እየመጡ የሰበሰቡትን ግብር ያስረክባሉ። የንጉሡ ገንዘብ ያዥ የነበረው ሪቻርድ ፊትዝኒል በ1170ዎቹ መጨረሻ ሸንጎው እንዴት እንደሚሠራ በጥንቃቄ ጽፎታል። ሂሳቡ የሚሠራበት ጠረጴዛ ርዝመቱ አሥር ጫማ፣ ወርዱ አምስት ጫማ ነው። በላዩ የሚቀመጠው ነገር እንዳይንከባለል ዙሪያውን አራት ጣት ያህል ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፤ እኛ አንድ ጋት የምንለው ልክ ነው። በጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ይነጠፋል፤ በጨርቁም ላይ አንድ ጫማ ወይም አንድ ስንዝር ያህል እየተራራቁ መስመሮች ይሰመራሉ። በመስመሮቹ መካከል ክብ መቁጠሪያዎች ይደረደራሉ፤ እንደየቦታቸው አንዱ ረድፍ የፔንስ፣ አንዱ የሺሊንግ፣ አንዱ የፓውንድ፣ ሌላው የመቶና የሺሕ ይሆናል። በዚያ ዘመን ሂሳብ በሮማውያን አኃዝ ይጻፍ ነበር፤ የሮማውያን አኃዝ እንደ እኛው ፩፣ ፪፣ ፫ ዜሮ የለውምና በወረቀት ላይ መደመርና መቀነስ ፈተና ነው። ጨርቁ ግን ለማንበብ የማይችለውም ገዥ በዓይኑ እንዲከታተል ያስችለዋል።

ጠረጴዛው የዚያን ጨዋታ ገበታ ስለመሰላቸው ሸንጎውን በገበታው ስም ጠሩት፤ ኤክስቼከር። ፊትዝኒል ራሱ ምክንያቱን ሲያስረዳ በጨዋታው ገበታ ላይ ሁለት ነገሥታት እንደሚዋጉ ሁሉ በዚህም ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዎች ይዋጋሉ ይላል፤ ሂሳብ የሚቀበለው ገንዘብ ያዥና ሂሳብ የሚያቀርበው የአውራጃ ገዥ። የዛሬው የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ማዕረግ እስከ አሁን «የኤክስቼከር ቻንስለር» ነው። በጀት ሲያቀርብ በዜና የምናየው ሰው የገበታው ሹም እየተባለ ነው የሚጠራው።

እኔ በየምሽቱ ካዝና ከመዘጋቱ በፊት የቀኑን ሂሳብ አመሳክራለሁ፤ በአንድ በኩል ኮምፒዩተሩ ያለው፣ በሌላ በኩል እጄ ላይ የቀረው። አንድ መቶ ብር ጎድላ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት የተቀመጥሁባቸው ቀኖች አሉ። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ጥቁር ጨርቅ ላይ መቁጠሪያ ሲያንቀሳቅሱ የነበሩት ሰዎች ጭንቀታቸው ምን ይመስል እንደነበር ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም።

ከጨዋታው ወጥቶ ቃሉ በእንግሊዝኛ ውስጥ የተራባበት መንገድ ረጅም ቢሆንም አንድ ክር አለው። ንጉሥህ አደጋ ላይ ሲወድቅ የያዝኸውን ሐሳብ ሁሉ ትተህ መቆም ግድ ነው፤ ስለዚህ ቼክ መጀመሪያ ድንገት ማስቆም፣ መግታት ሆነ። የሚገታ ሰው ተቆጣጣሪ ነው፤ ስለዚህ ቆይቶ መቆጣጠር፣ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ሆነ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ማጭበርበርን የሚገታውን፣ ከክፍያ ወረቀቱ ተቀድዶ በደብተሩ ላይ የሚቀረውን ጉርድ በዚህ ስም ይጠሩት ጀመር፤ ኋላም ስሙ ከጉርዱ ወደ ወረቀቱ ተሻገረ። አሜሪካኖች ቃሉን በቀድሞ አጻጻፉ ሲጽፉት እንግሊዞች ለባንኩ ወረቀት ሌላ አጻጻፍ ይጠቀማሉ፤ ያንን አጻጻፍ ያመጣውም ኤክስቼከር የሚለው ስም ጥላው አርፎበት ነው።

መግታት የሚለው የቀድሞ ትርጉም አልጠፋም። በጎንደር ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሮቶ አለው፤ የቧንቧ ሠራተኛው እኛ ቤት ሮቶውን ሲተክል «እታለም፣ ቼክ ቫልቭ ካልገባበት የሞላው ውኃ ተመልሶ ወደ መስመሩ ይሄዳል» አለኝ። ያንን ትንሽ የነሐስ ዕቃ በእጄ ይዤ አየሁት፤ ውስጡ በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ክዳን አለው፤ ውኃው ሲመጣ ይገፋዋል፣ ሊመለስ ሲል ክዳኑ ይወድቅበታል። በዚያን ጊዜ ስሙ ምንም አላለኝም። አሁን ሳስበው ንጉሡ እዚያም ውስጥ አለ፤ ወዴት ነህ፣ ቁም ይላል።

አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለእረፍት መጥቶ ምሳ ጋበዘንና በልተን ስንጨርስ አስተናጋጁን «ቼክ አምጣልኝ» አለው። አስተናጋጁም በትሕትና «ጌታዬ፣ እኛ በቼክ አንቀበልም» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ በአሜሪካ የምግብ ቤት ሂሳብ መጠየቂያው ቼክ ነው። እዚያው አገር ዳማም በዚህ ቃል ይጠራል፤ ቼከርስ ይሉታል። እኛ ልጆች ሳለን ካርቶን ላይ በከሰል እያሰመርን በቆርኪ የምንጫወተው፣ አንዱ ቆርኪ ወዲያ ጫፍ ሲደርስ «ነገሠ!» ብለን የምንጮህለት ጨዋታ ማለት ነው። ከአዘዞ ስንበር ሻንጣ የምናስረክብበት ቼክ ኢን፣ ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ያለው ሸሚዝ፣ በፈተና ወረቀት ላይ የምትሰመረው የልክነት ምልክት፣ ሁሉም የዚያው ጩኸት ልጆች ናቸው። ቼክ የምትባለው የአውሮፓ አገር ብቻ በድምፅ ትገጥማለች እንጂ ዘመድ አይደለችም፤ እርሷ በአንድ የስላቭ ሕዝብ ስም የተጠራች ናት።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሌላ ሰው ቤት ታሪክ መስሎኝ ነበር። ሻትራንጅ የሚለውን የዐረብኛ ስም ለሁለተኛ ጊዜ ጮክ ብዬ ሳነበው ነው ያስደነገጠኝ። ሻትራንጅ፣ ሰንጠረዥ። እኛ ቤት ነበር እኮ!

ሰንጠረዥ ዛሬ በአማርኛ የቁጥር መደርደሪያ ነው። ተማሪ ሳለን የማባዛት ሰንጠረዥ በቃላችን እንወጣ ነበር፤ የኬሚስትሪ መምህራችን የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይሰቅል ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ከተማው በሙሉ በየሳምንቱ ያነበበው የደረጃ ሰንጠረዡን ነበር። ቃሉ ግን በመጀመሪያ የጨዋታ ስም ነው። ኢትዮጵያውያን ይህን ጨዋታ ለዘመናት ተጫውተውታል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመውበታል። ከመጫወቻዎቹ መካከል ንጉሥ፣ ፈረስ፣ ዝሆን የሆነው ፊል፣ የንጉሡ አማካሪ የሆነው ፈርዝ ይገኛሉ፤ ፊል የዐረብኛ ስሙን፣ ፈርዝ የፋርስ ስሙን ይዘው ነው የገቡት። ንጉሡ ግን ሻህ ሆኖ አልገባም። እንደ አውሮፓውያኑ ሁሉ የእኛ ሰዎችም መጫወቻውን በገዛ ቃላቸው ንጉሥ አሉት። ለምን እንዲህ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ ንጉሥ ለነበረው ሕዝብ ለንጉሥ ስም መበደር አያስፈልገውም።

አጨዋወቱም የራሱ ነበረው። እንደዛሬው ቼዝ ተራ እየጠበቁ አይጀምሩም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ሳይጠባበቁ፣ የፈለጉትን ያህል እያንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪያዝ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ይህን የመክፈቻ ክፍል «ወረራ» ይሉታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቷል፤ በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ፣ ሎሌው ሳይቀር፣ ይህን አንሣ ያን ጣል እያለ ድምፁን ያሰማ እንደነበር ይናገራል። ዛሬ በየሰፈሩ ዳማ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎችን ከብበው የሚጨቃጨቁ አሥር ሰዎችን ያየ ይህን ለማመን አይቸገርም።

ሌላው ምስክር ከጎንደር ጋር የተሳሰረ ነው። የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1860፣ ከጎንደር አቅራቢያ በዓመፀኞች እጅ ወድቆ ቆሰለ፤ በዚያው ቁስል ሞተ። ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው ጽሑፉ ውስጥ በአገራችን ያየውን የሰንጠረዥ አጨዋወት ገልጾ ትቶልናል። ከሥራ ስወጣ በፋሲል ግንብ አጥር ሥር ነው የማልፈው፤ ከዚያ ሌሊት ወዲህ በዚያ ሳልፍ ይህ ሰው ትዝ ይለኛል። የአገሩ ገንዘብ ቤት በአንድ ጨዋታ ገበታ ስም የሚጠራ ሰው፣ ያንኑ ጨዋታ በሌላ ስሙ እዚህ አገር አግኝቶት ቁጭ ብሎ ሲመዘግብ ይታየኛል።

የኢትዮጵያው ገበታ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ የተቀባ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ጨርቅ ነው፣ በላዩ ላይ መስመር የተሰመረበት። የፊትዝኒል ጨርቅም መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች ያንኑ ገበታ አይተው ያንኑ ነገር አሰቡ፤ በመስመርና በረድፍ የተከፈለ ነገር ሁሉ ለቁጥር ይመቻል። እንግሊዞች ከገበታው ገንዘብ ቤት አወጡ፤ እኛ ከገበታው የቁጥር ሰንጠረዥ አወጣን። ከዚያ በኋላ ግን ያሳዘነኝ ነገር አለ። ጨዋታውን ራሱን ረሳነው። ሰንጠረዥ የሚለው ስም ባዶ መስመሩን ብቻ ይዞ ቀረና፣ ጨዋታው በአዲስ መልክ ከአውሮፓ ሲመለስ ቼዝ ብለን እንደ እንግዳ ተቀበልነው። በባንክና በትምህርት ቤት ጓደኞቼ መካከል ጠይቄ፣ ሰንጠረዥ ጨዋታ እንደነበር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያገኘሁት። ቃሉን ለቁጥሩ መስጠታችን ክፉ አይደለም፤ ልጆቻችን ቼዝ ሲማሩ ግን መምህሩ «ይህ የቀድሞ ስሙ ሰንጠረዥ ነው» ቢላቸው ምን ያህል ቅርባቸው በሆነ ነበር።

ስለ ቼክ የአማርኛ አጠቃቀማችንም ማሰቤ አልቀረም። «ቼክ አድርጊልኝ» የማይባልበት ሰዓት የለም። ቃሉን አልጠላውም፤ ከዚህ ሁሉ ጉዞ በኋላማ እንዴት እጠላዋለሁ። ነገር ግን የእኛ ቃላት የሚያዩት ሌላ ነገር እንደሆነ ሰው ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። እንግሊዝኛው ሲያረጋግጥ ከኋላው ጦርነት አለ፣ የተከበበ ንጉሥ አለ። እኛ «አመሳክሪው» ስንል ከኋላው ምስክር አለ፤ ሁለት ወረቀቶችን እንደ ሁለት ምስክሮች ፊት ለፊት አቁመን እናናግራቸዋለን። «አጣሪው» ስንል ጠላ ሲጠራ፣ አተላው ሲዘቅጥ ይታያል። እኔ በየምሽቱ የምሠራው ሥራ ትክክለኛ ስሙ ማመሳከር ነው፤ በደብተሬም ላይ እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

አንድ ቃል ግን ቼክ ራሱ አማርኛ ውስጥ ከገባ በኋላ ያገኘውን እወድደዋለሁ። በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈን ቼክ ሕዝቡ ደረቅ ቼክ ይለዋል፤ የሕግ ሰዎች ደግሞ ስንቅ የሌለው ቼክ ይሉታል። ስንቅ መንገደኛ በአገልግሉ የሚይዘው በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። ወረቀቱን እንደ መንገደኛ አድርጎ ማየት፣ ስንቅ ሳይቋጠርለት የተላከ ሰው የትም እንደማይደርስ ሁሉ ወረቀቱም እንደማይደርስ መናገር፣ ይህ ከፋርስም ከእንግሊዝም የመጣ አይደለም።

ሽማግሌው በመጋቢት ተመልሰው መጡ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ቢሆንም ከኋላቸው የቆሙትን ይቅርታ ጠይቄ ያገኘሁትን ባጭሩ ነገርኋቸው፤ ንጉሡን፣ ጨዋታውን፣ ጥቁሩን ጨርቅ። ዓይናቸውን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሡ ሰሙኝ።

«እንግዲያ ይኸ ወረቀት ንጉሥ ሆይ ተጠንቀቅ ማለት ነዋ» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ማንን ነው የሚያስጠነቅቀው? እኔን ነው ወይስ የጻፈልኝን?»

«የጻፈልዎትን ነው አባቴ፣ ስንቅ ካልቋጠረለት» አልኋቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው ቼኩን ገለበጡና በጀርባው ላይ ፊደሉን አንድ በአንድ እያስቀመጡ ፈረሙ። ሂሳቡን ከፍቼ አየሁ፤ ስንቁ ሙሉ ነበር። ማኅተሙን አሳረፍሁበትና ብራቸውን መቁጠር ጀመርሁ።